ፍል ውሃ ሸክሙን የሚጥልበት ቦታ

(ውሃ ከባልዲ ሞልቶ ወደ ሳፋ ሲወርድ ይሰማል።)

ይህ ድምፅ ከሸካዋ ዝናባማ ከተማ ከጌጫ የመጣ ነው። «ጌጫ ከሆነማ ዝናብ ነው» የሚል አይጠፋም፤ አልፈርድበትም። አፉ ድረስ በሞላ ባልዲ ውስጥ አንድ ድንጋይ ቀስ ብለን ስንከት፣ የተረፈው ውሃ ሳፋው ላይ ሲወርድ ነው የሰማችሁት። ድንጋዩ የማን እንደሆነና ለምን እንዳጠመቅነው ልንገራችሁና ወደ ዛሬው ትምህርት እንገባለን።

ለሌላ ጉዳይ ከቴፒ ወደ ጌጫ ወጥቼ ቡና ቤት ተቀምጫለሁ። አንድ አባት በኮባ የጠቀለሉትን ነገር ይዘው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረጉት።

«በሬዲዮ ስለ ድንጋይ የምታወራው አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንሣው።»

አነሣሁት። ከብርቱካን ተለቅ የሚል፣ ላዩ ጎርበጥባጣ፣ ነጣ ያለ ድንጋይ ነው። ሽንት ቤት ሲያስቆፍሩ ከቀዩ አፈር ሥር ነው ያገኙት። ኮባውን ሲገልጡት የነበረው ጥንቃቄ ሕፃን የሚያስተኙ ነው የሚመስለው።

«ይከብዳል አይደል?»

«ይከብዳል አባባ።»

«ብር ይሆን እንዴ ልጄ? እናቴ አንገቷ ላይ የምታስራት ጠገራ እንዲህ ነበር እጅ የምትሞላው።»

ብር እንዳልሆነ ሳየው ገብቶኛል። ነገር ግን ሰው ያን ያህል መንገድ ተሸክሞ መጥቶ «አይደለም» ብሎ መሸኘት ነውር ነው። ደግሞም «በምን አወቅህ?» ቢሉኝ ማሳየት አለብኝ። ቡና ከሚገዛ ጎረቤት ነጋዴ ሚዛን፣ ከቡና ቤቷ ባለቤት ባልዲ፣ ሳፋና ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ጆግ ተዋስን። ሚዛኑና ጆጉ ምን እንዳሉ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የእኒህን አባት ጥያቄ ልያዝ፤ ብር መሬት ውስጥ እንዴት ይሰበሰባል? እግረ መንገዳችንንም አብሮት ስለሚገኝ አንድ ነጭና ከባድ ድንጋይ፣ ስለ ባራይት፣ እንነጋገራለን።

(አጭር ሙዚቃ)

ቋንቋችን ማዕድኑንም ገንዘቡንም «ብር» ብሎ በአንድ ስም ነው የሚጠራው፤ ገንዘቡ ለረጅም ዘመን ራሱ ማዕድኑ ነበርና። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ የትም ቢሠራ መቼም ቢሠራ «1780» ተብሎ የሚቀረጽበት ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። እዚህ አጠገባችን ቦንጋ ገበያ ላይ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ይብላኝለት ሰውም ሳይቀር፣ በጠገራና በአሞሌ ጨው ሲለወጥ ኖሯል። የካፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲማረኩም እጃቸው የታሰረው በብር ሰንሰለት ነበር ይባላል። ጠገራና አሞሌ የሚለውን ያዙልኝ፤ ብርና ጨው ከገበያው በፊት መሬት ውስጥም የተዋወቁ ናቸው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። ብር በየድንጋዩ ውስጥ አለ። እናንተ ደጃፍ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ውስጥም አለ። ችግሩ መጠኑ ነው፤ የምድር ቅርፊት በአማካይ በአንድ ቶን ውስጥ ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ብር ነው ያለው፣ 0.07 ወይም 0.08 ግራም። አንድ ጠገራ ውስጥ ያለውን ብር ከተራ ድንጋይ ላውጣ ያለ ሰው 300 ቶን ድንጋይ መፍጨት ይኖርበታል። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ 60 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው፣ ለአንዲት ጠገራ! የብር ማዕድን የምንለው ግን ብዙ ጊዜ በቶን 100 ግራምና ከዚያ በላይ የያዘውን ነው። ስለዚህ አንድ ኃይል በሰፊው የተበተነውን ብር ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ አጥብቆ አንድ ቦታ ሰብስቦታል። ያ ኃይል ውሃ ነው።

ውሃው ከብዙ ቦታ ሊመጣ ይችላል። ዝናብ በስንጥቅ ሰርጎ ኪሎ ሜትሮች ይወርዳል፤ የባሕር ውሃ በባሕር ወለል ስንጥቅ ይገባል፤ የቀለጠ አለት ራሱ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረውን ውሃ ይተፋል። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ እሳተ ገሞራ በሌለበት አገር እንኳ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል፤ የቀለጠ አለት ቅርብ ከሆነማ ሌላ ነው። እንዲህ የጋለውን፣ ጨውና ጋዝ የተቀላቀለበትን ውሃ የሥነ ምድር ባለሙያዎች «ሃይድሮተርማል ፈሳሽ» ይሉታል። እኔ ፍል ውሃ እያልኩ እቀጥላለሁ። የወንዶ ገነቱም፣ የሶደሬውም፣ የአዲስ አበባው ፍልውሃም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ሙቀት ምን እንደሚሠራ ለቡና አገር ሰው ማስረዳት ድፍረት ነው። የተወቀጠ ቡና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ብታስቀምጡት ውሃው ይጠቁር ይሆናል እንጂ ቡና አይሆንም። ጀበና ውስጥ ሲፈላ ግን ደቂቃዎች ይበቁታል። አለትም እንደዚያው ነው። ብቻ ብር ከቡና ይልቅ ግትር ነው፤ ንጹሕ ውሃ የቱንም ያህል ቢግል ብዙ ብር አይሟሟለትም። እዚህ ላይ ነው አሞሌው የሚመጣው። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ከሚለያዩት ሁለት ወገኖች አንዱ ክሎራይድ ነው። ክሎራይዱ የብሩን ቅንጣት ዙሪያውን ከቦ ይይዘዋል፤ እንደ አጃቢ ሁኖ በውሃው ውስጥ ያስኬደዋል። ውሃው ይበልጥ ጨዋማና ይበልጥ ሙቅ በሆነ መጠን የሚሸከመው ብር ይበዛል። እርሳስና ዚንክም በዚሁ መንገድ ይጓዛሉ። ሌላም አጃቢ አለ፤ በፍል ውሃ አካባቢ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው የድኝ ጋዝ። እሱ በተለይ ለወርቅ ነው የሚመቸው፤ ብርንም ይሸከማል። አፍንጫችሁን ይዛችሁ ስትታጠቡ የነበረው ነገር ወርቅ ተሸካሚ ነው ብላችሁ ምን ትሉኛላችሁ?

(አጭር ሙዚቃ)

ብዙ ሰው እስከዚህ ድረስ ይሰማና «እንግዲያው ፍል ውሃ ካለ ብር አለ» ይላል። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ተሸካሚ በበዛበት መንገድ ሁሉ ገበያ የለም። ውሃው ብሩን ተሸክሞ ወንዝ ቢገባ፣ ባሕር ቢገባ፣ ብሩ እንደገና ተበተነ ማለት ነው። ማዕድን የሚሆነው ውሃው ሸክሙን በአንድ ጠባብ ቦታ፣ ደግሞ ደጋግሞ፣ ሺህ ዓመት በሺህ ዓመት ላይ ሲጥለው ነው። ስለዚህ ማዕድን ፈላጊ «ሙቀቱ የት ነው?» ብቻ ብሎ አያቆምም፤ «ምን አስጣለው?» ይላል።

አንዱ ምክንያት መፍላት ነው። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚያ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ወደ 2000 ሜትር ስትወጡ 93 ላይ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ እንቢ የሚለው፣ እናቶች እንጨት የሚጨርሱት ለዚህ ነው፤ ከላይ የሚጫነው አየር ስለቀነሰ ውሃው ሳይግል ቶሎ ይፈላል። ይህን ገልብጡትና ወደ መሬት ውስጥ ውረዱ። አንድ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ውሃ ከላዩ የአንድ ኪሎ ሜትር ውሃ ተጭኖታል፤ 300 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ለመፍላት አይቻለውም። ይግላል እንጂ አይንተከተክም።

ከዚያ መሬት ተንቀጠቀጠች እንበል። አለቱ ተሰነጠቀ፤ ውሃው በስንጥቁ ሽቅብ ተስፈነጠረ፤ ጭነቱ በአንድ ጊዜ ቀለለት። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ስትከፍቱ የሚሆነውን አስቡ። ክዳኑ ሳይነሣ ጸጥ ያለ ውሃ ነው፤ ሲነሣ ተፍ ብሎ አረፋ ይሆናል። የጋለው ውሃም እንዲሁ በድንገት ይፈላል፤ ያ የሚሸተው ጋዝ አምልጦ ይሄዳል፤ አጃቢ አልባ የቀረው ወርቅና ብር የስንጥቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስንጥቁ በነጭ ኳርትዝ ይደፈናል፤ ግፊቱ ታች እንደገና ይጠራቀማል፤ ሌላ መንቀጥቀጥ ይመጣና እንደገና ይሰነጥቀዋል። እንዲህ ያለውን ጅማት ብትቆርጡት ሥሥ ሥሥ ንብርብሮች ታያላችሁ፤ እያንዳንዱ ንብርብር አንድ የመፍላት ቀን ነው።

መቀዝቀዝም ያስጥላል፤ ሲቀዘቅዝ የመያዝ አቅሙ ይደክማል፣ በቃ። ቆም ብዬ ላወራበት የምፈልገው ግን ሦስተኛው ነው፤ ሁለት ውሃዎች ሲገናኙ የሚሆነው።

ሆዱን የሚያመው ሰው ራጅ ከመነሳቱ በፊት ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ኖራ ኖራ የሚል ፈሳሽ እንዲጠጣ የሚደረግበት ጊዜ አለ። የጠጣ ያውቀዋል። ያ ባሪየም ሰልፌት ነው፤ መሬት ውስጥ በተፈጥሮ ሲገኝ ስሙ ባራይት ነው። የሚገርመው፣ ባሪየም ሲሟሟ መርዝ ነው። ሐኪሙ ግን አይፈራም፤ ባሪየም ሰልፌት አይሟሟምና እንደገባ ይወጣል። አንድ ሊትር ውሃ ከጥቂት ሚሊ ግራም በላይ አያሟማም። ራጁ ላይ ሆድና አንጀት ነጭ ሆነው የሚታዩትም የባሪየም አተም ከባድ ስለሆነና ጨረሩን ስለሚያግድ ነው።

አሁን ጥያቄ። የማይሟሟ ነገር ከሆነ፣ በውሃ ተጉዞ ጅማት የሞላው እንዴት ነው? መልሱ፣ ተጠናቆ አልተጓዘም። ባሪየሙ ለብቻው፣ ሰልፌቱ ለብቻው ነው የመጡት። ባሪየም ፌልድስፓር በሚባለው፣ በአብዛኛው አለት ውስጥ በሚገኝ ማዕድን ውስጥ አለ። ከታች የሚመጣው ትኩስና ጨዋማ ውሃ ከዚያ አጥቦ ያወጣዋል። ያ ውሃ ኦክስጅን ስለሌለው በውስጡ ያለው ድኝ የሚሸተው ጋዝ ነው እንጂ ሰልፌት አይደለም፤ ስለዚህ ባሪየሙ በሰላም ይጓዛል። ሰልፌት የሚበዛው በባሕር ውሃና ኦክስጅን ባገኘ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ነው። አንዱ ከታች ሽቅብ፣ ሌላው ከላይ ቁልቁል። በተገናኙበት ስንጥቅ ባሪየምና ሰልፌት ያለ ምንም መዘግየት ይያያዛሉ። ትኩስ ወተት ላይ ሎሚ ስትጨምቁ ሁለቱም ፈሳሽ ነበሩ፤ ነጭ ጓል ከየት መጣ? ኬሚስትሪው ሌላ ነው፤ ዓይን የሚያየው ግን ይመሳሰላል።

በዚያው መገናኛ ላይ ብሩም መከራ ያገኘዋል። ከላይ የመጣው ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ ጨዉም ያነሰ ነው። ሙቀቱ ወረደ፣ ጨው ቀጠነ፣ አጃቢው ተበተነ። ብሩ ከድኝ ጋር ተጣብቆ ጥቁር ማዕድን ይሆናል፣ ወይም የእርሳስ ማዕድን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ነጩ ባራይት ዙሪያውን ይሞላል። እንግዲህ ብር ከባራይት ጋር በአንድ ጅማት ሲገኝ፣ ባራይቱ ብሩን ያመጣው አይደለም፤ ሁለቱም በአንድ መንታ መንገድ ላይ ስለወደቁ ነው የተጎራበቱት። ባራይት ያየ ባለሙያ «እዚህ ሁለት ውሃ ተገናኝቷል» ብሎ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል። ብር ይኖራል ብሎ ግን አይጽፍም፤ ብር የሌለው ባራይት በዓለም ላይ ሞልቷል። ባራይት ብቻውንም ቢሆን ይሸጣል፤ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓድ ሲቆፈር ጭቃውን አክብዶ ከታች የሚገፋውን ግፊት እንዲገታ ተፈጭቶ ይጨመርበታል።

ጠገራችን ራሷ የዚህ ታሪክ ዘመድ ናት። ፈረንጆቹ «ታለር» የሚሏት በቦሄሚያ ተራሮች ካለ ዮአኪምስታል ከሚባል ሸለቆ ስም ነው፤ ከ1520 አካባቢ ጀምሮ ከዚያ ጅማቶች በወጣ ብር ትልልቅ ሳንቲም ይሠራ ነበር። ከዚያው ተራራ ማዶ፣ በዛሬዋ ጀርመን፣ ፍራይበርግ አለች። ብር የተገኘባት በ1168 ነው፤ ቁፋሮው እስከ 1960ዎቹ ዘልቋል፤ የማዕድን ትምህርት ቤቷም የተከፈተው በ1765 ነው። ከጅማቶቿ አንዱ ወገን ብር የያዘ እርሳስን ከባራይት ጋር አጣምሮ የያዘ ነው። ከጥልቅ የመጣ ጨዋማ ውሃ ከሌላ ውሃ ጋር የተገናኘበት ቦታ ማለት ነው።

ሩቅ አገር ሄድክብን ካላችሁ ወደ ቀይ ባሕር እንመለስ። በሱዳንና በሳዑዲ ዓረቢያ መካከል፣ ከ2000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪዎች አንድ ጉድ አገኙ፤ በባሕሩ ሥር ሌላ ሐይቅ። 60 ዲግሪ ገደማ የጋለ፣ ከባሕሩ ውሃ ብዙ እጥፍ የጨወየ፣ ስለከበደ ከላዩ ውሃ ጋር የማይቀላቀል ብራይን ነው። አትላንቲስ 2 ይባላል። እዚያ ያለው ጨው ከየት መጣ? ቀይ ባሕር ዳርና ዳር ጥንት የተቀበሩ የጨው ንጣፎች አሉ፤ አሞሌ የሚቆረጥበት የዳናክል ጨውም ባሕር ደርቆ የተወው ነው። የባሕሩ ውሃ በዚያ ጨው ውስጥ አልፎ፣ ትኩሱን ጥቁር አለት አጥቦ፣ ዚንክ፣ መዳብና ብር ይዞ ይወጣና ጭቃው ላይ ይጥለዋል። ጭቃው ቢደርቅና ጨዉ ቢወጣለት 90 ሚሊዮን ቶን ያህል እንደሚሆን፣ በየቶኑም 40 ግራም ገደማ ብር እንዳለው ተገምቷል። በጠገራ እናስበው ካልን ወደ 150 ሚሊዮን ጠገራ! ማንም ግን እስካሁን ለንግድ አላወጣውም፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ባሕር ሥር ያለ ጭቃ መቅዳት እንደ አፍ አይቀልም። ለእኔ ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ማዕድን ሲሠራ በዓይን የሚታይበት ቦታ ከእኛ እጅግ ሩቅ አለመሆኑ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አገራችን ገባ እንበል። በስምጥ ሸለቆ፣ ላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ፣ አሉቶ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ወደ ሁለት ተኩል ኪሎ ሜትር ወርደው ከ300 ዲግሪ በላይ የጋለ ውሃ አግኝተዋል፤ በ1998ም 7.3 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ተተክሎበታል። ቅድም የነገርኳችሁ የማይንተከተክ ግን የጋለ ውሃ በእጃችን የተነካበት ቦታ ይህ ነው። በአፋር ደግሞ መገንታ በሚባል ቦታ፣ ለጥቂት ጊዜ ፈልቶ የሞተ የፍል ውሃ ሥርዓት የተወው የኳርትዝ ጅማት ወርቅ እንደያዘ አሳሾች ደርሰውበታል። የጉጂው የለገ ደምቢ ወርቅ ማውጫም ጥንታዊ ነው እንጂ ወርቁን ያመጣው ያው የጋለ ፈሳሽ ነው፤ ከወርቁ ጋርም ብር ተቀላቅሎ ይወጣል። የእኛ አገር ብር እንዲህ የወርቅ ታናሽ ወንድም ሆኖ ነው የሚገኘው።

የእኛስ አካባቢ? ከሚዛን በበበቃ አድርጋችሁ ወደ ዲማ የሄዳችሁ፣ መንገዱ የተቆረጠበትን ግድግዳ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ላይ፣ ደጋውና ወይና ደጋው፣ ቀይ አፈርና ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት እየፈሰሰ እላይ በላይ የተነባበረ ባዛልት። ቆላው ላይ ስትወርዱ ድንጋዩ ይነጣል፤ ይብለጨለጫል፤ ሽንትር ሽንትር ያለ ይሆናል። ከባዛልቱ ሥር ተቀብሮ የነበረው፣ በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት የሚቆጠረው መሠረቱ ብቅ ያለበት ነው። በዚያ አሮጌ አለት ስንጥቆች ውስጥ የጋለ ፈሳሽ አልፎበታል፤ ወርቅ ጥሎበታል። በዲማና በአኮቦ ወንዝ ዳር ሰዎች ለብዙ ዘመን ወርቅ ሲያጥቡ የኖሩት ከዚያ ተሸርሽሮ የወረደውን ነው። አሁን በዲማ ወረዳ ሰገሌ ላይ አኮቦ ሚኒራልስ የተባለው ኩባንያ ወርቁን ከአለቱ ውስጥ ያወጣል።

አንድ ጊዜ ዲማ ላይ ወርቅ የምታጥብ እናት አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር። ገበታዋን ታሽከረክራለች፤ አሸዋው በጠርዙ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ጥቁር አሸዋ ይቀራል። እሱን በአውራ ጣቷ ገፋ ታደርገዋለች። «ጥቁሩ ካልመጣ ቢጫው አይመጣም» አለችኝ። ከባድ ከከባድ ጋር እንደሚቀር ያስተማራት ዩኒቨርሲቲ የለም። ሚዛንና ባልዲ ይዤ የተነሣሁትም ከእሷ ትምህርት ነው ብል አልዋሸሁም።

ጌጫ ግን ዲማ አይደለችም። የጌጫ መሬት ወፍራሙ ባዛልት ላይ ነው ያለው። እውነቱን ልናገር፤ ጌጫ ላይ ብር ፍለጋ ጉድጓድ ለሚያስቆፍር ሰው አንድ ብር አላበድርም። አካባቢው ደግሞ የሸካ ደን ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው። ቀፎ ከሰቀላችሁበት ዛፍ ሥር ያለው ነገር ሁሉ ብር ይመስለኛል ብሎ መቆፈር የጀመረ ሰው ማሩንም ብሩንም ያጣል። «ድንጋይህን አሳየኝ፣ ገዢ አመጣልሃለሁ» እያለ የሚዞር ደላላ ከመጣ ቡና አጠጡትና ሸኙት።

(ድንጋይ ከጆግ ጋር ሲነካካ ይሰማል።)

ወደ ባልዲው። ድንጋዩ ቡና ነጋዴው ሚዛን ላይ 1120 ግራም መዘነ። ባልዲውን አፉ ድረስ ሞላን፤ ጢም ሲል ሳፋ ውስጥ አቆምነው፤ ድንጋዩን በክር አስረን ቀስ እያልን አሰመጥነው። የተረፈውን ውሃ ከሳፋው ጆግ ውስጥ ገለበጥን፤ 430 ሚሊ ሊትር ሆነ። 1120ን ለ430 ስታካፍሉ 2.6 ይመጣል። አባባ ጣታቸውን ቆጥረው «ይህ ምን ማለት ነው?» አሉ።

ይህ ማለት፣ ድንጋዩ ከራሱ ጋር እኩል ቦታ ከሚይዝ ውሃ 2.6 እጥፍ ይከብዳል። ጥሩ ብር ቢሆን 10.5 እጥፍ ነበር፤ ያን ያህል የሚመዝን ብር ከባልዲው የሚያስወጣው ውሃ 107 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ ከሻይ ብርጭቆ እምብዛም አያልፍም። ባራይት ቢሆን 4.5 እጥፍ፣ ውሃውም 250 ሚሊ ሊትር። 2.6 የኳርትዝና የዘመዶቹ ቁጥር ነው። ቢላዋ ጫር አደረግንበት፤ አልተጫረም፤ እንዲያውም የቢላዋውን ብረት ድንጋዩ ላይ እንደ እርሳስ ጻፈ። ባራይት ግን ለስላሳ ነው፤ ቢላዋ በቀላሉ ይጭረዋል። በጠርሙስ ላይ ብንሞክረው ጠርሙሱን ሰነጣጥሮ ተወው። ኖራ ድንጋይም ቢሆን ቢላዋው ባሸነፈው ነበር።

አባባ አዘኑ። ፊታቸው ላይ አየሁት። «እንግዲያው ስበረው» አሉኝ፣ በመዶሻ።

ስሰብረው የቡና ቤቷ ባለቤት ጀበናዋን አስቀምጣ መጣች። ውስጡ ክፍት ነበር። ከዳር ወደ ውስጥ ግራጫ፣ ሰማያዊ መሰል፣ ነጭ፣ እንደገና ግራጫ፤ ከጠጉር ያልወፈሩ ንብርብሮች እንደ ሽንኩርት ተደራርበዋል። መካከሉ ላይ ባዶ ጎድጓዳ አለ፤ ግድግዳውን ጥቃቅን ጥርት ያሉ የኳርትዝ ጥርሶች ሞልተውታል። የመስኮቱ ብርሃን ሲያገኛቸው አብለጨለጩ።

ላቫው ሲፈስ በውስጡ ጋዝ ነበረው፤ ሊጥ ሲቦካ እንደሚያወጣው ዓይን፣ አለቱ ከነአረፋው ረጋ። ኋላ ሞቅ ያለ ውሃ በባዛልቱ ስንጥቅ እየዞረ ኳርትዝ የሚሠራበትን ሲሊካ አሟሟ፤ ያን አረፋ አገኘና እየቀዘቀዘ ሽፋን በሽፋን ላይ ለጠፈበት። ባዛልቱ አፈር ሆኖ ቀይ ሲሆን ይህ ጠንካራ ስለሆነ ሳይበሰብስ ቀረ፤ ሽንት ቤት ቆፋሪው አገኘው። ብር የሚሠራው ውሃ የሠራው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ጨው አልነበረውም፣ ሙቀቱም ለዘብ ያለ ነበር፣ የተሸከመውም ሲሊካ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለአባባ ነገርኳቸው። ግማሹን እሳቸው ወሰዱ፤ ግማሹ አሁን እዚህ ማይክሮፎን አጠገብ አለ።

«ውሃውስ?» አሉኝ፣ ኮባውን መልሰው እየጠቀለሉ።

«የትኛው ውሃ አባባ?»

«ይህን የሠራው። ወዴት ሄደ?»

ጥያቄው አስደነገጠኝ፤ ተማሪዎችም ጠይቀውኝ አያውቁም። አብዛኛው ሄዷል አልኳቸው፤ በምንጭ ወጥቶ፣ ጅረት ገብቶ። ከጌጫ የሚወርደው ውሃ ዛሬም በመጨረሻ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ያን ጊዜ ወንዞቹ የት እንደነበሩ ማን ያውቃል። ሁሉም ግን አልሄደም። ኳርትዝ ሲያድግ በውስጡ ጥቃቅን ጉድጓድ ይተዋል፤ ውሃው እዚያ ይያዝና ይዘጋበታል። በዓይን አይታይም፤ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ጠብታ ነው። ትኩስ ሆኖ ነው የተያዘው፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር በጠብታው ውስጥ አንዲት አረፋ ትፈጠራለች። ባለሙያዎች ድንጋዩን እንደ ወረቀት አሣሥተው ማይክሮስኮፕ ሥር ቀስ እያሉ ያሞቁታል። አረፋዋ እየጠበበች ትሄድና በአንድ ዲግሪ ላይ ትጠፋለች፤ ውሃው የተያዘበት ሙቀት ቢያንስ ያ ነው። ሲያቀዘቅዙት ደግሞ በረዶው በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ አይተው የጨዉን መጠን ይናገራሉ። ከፍራይበርግ ጅማት ውስጥ ሁለት ውሃ መገናኘቱን የነገረንም እንዲህ ያለ ጠብታ ነው።

አባባ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ኮባውን እንደገና ፈቱት፤ ግማሽ ድንጋያቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉና ነቅነቅ አደረጉት።

«አይሰማም» አሉ።